የግንድ መርማሪ መቅጠር ያዋጣል ወይ?

ሥራዬ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች የዋልነትና የነጭ ኦክ ግንድ ገዝቶ ለቻይና ፋብሪካዎች ማስጫን ነው። ግንዱ የሚጫነው አንዱ ኦሃዮ፣ ሌላው ኬንታኪ ነው። ሁሉም ጋ ሄጄ መቆም አልችልም። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት የሚያይልኝ ገለልተኛ መርማሪ እቀጥራለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ አገልግሎት ነው። ቅሬታም ስላለኝ የድርጅቱን ስም አልጠራም።

የሚመጡልኝ ሰው በዕድሜ የገፉ ናቸው። ብዙ አያወሩም። ግንዱ ተከማችቶ የሚጫንበት ግቢ ከመድረሳቸው በፊት ደውለው «ግንዱን መሬት ላይ ዘርጉልኝ» ይላሉ። የተከመረ ግንድ አያዩም። ግቢዎቹ በዚህ ይነጫነጫሉ፣ እኔ ግን የምወድላቸው ይህንኑ ነው። የክምሩ ሥር ምን እንዳለ ማን ያውቃል?

የቀጭኑን ጫፍ ዲያሜትር ቅርፊቱን ሳይጨምሩ ይለካሉ። ርዝመቱንና በግንዱ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይጽፋሉ። ሁለቱንም ጫፍ ፎቶ ያነሳሉ። ስንጥቅ ወይም ብስባሽ ካለ ከልኬቱ ይቀንሳሉ፣ ለምን እንደቀነሱም በአንድ መስመር ያስቀምጣሉ።

ገንዘቤን ያስመለሰልኝ ግን የልኬቱ ሰንጠረዥ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዚህ ዓይነት ግንድ በብዛት የሚሸጠው በዶይል ስሌት ነው። ከዲያሜትሩ 4 ኢንች ትቀንሳለህ፣ የቀረውን በራሱ ታባዛለህ። ርዝመቱ 16 ጫማ ከሆነ መልሱ ቦርድ ፉት ነው፣ ማለትም ከግንዱ ይወጣል ተብሎ የሚገመተው ጣውላ፤ አንዱ ቦርድ ፉት 1 ጫማ በ1 ጫማ፣ ውፍረቱ 1 ኢንች ነው። 12 ኢንች ውፍረት፣ 16 ጫማ ርዝመት ያለው ግንድ 64 ይወጣዋል። ያንኑ ግንድ ኢንተርናሽናል በሚባለው ስሌት ብትለካው 95 ይላል። ቻይና ያለው ገዢ ደግሞ የሚያስበው በሜትር ኩብ ነው። 64ቱን ቦርድ ፉት ዝም ብሎ ወደ ሜትር ኩብ ከቀየረው 0.15 ያገኛል። ግንዱን እንደ ቱቦ አድርጎ ከቀጭኑ ጫፍ ካሰላው ግን 0.36 ገደማ ይሆናል። ማንም አላጭበረበረም፣ ልዩነቱ ግን ከእጥፍ በላይ ነው! በዚህ የተነሳ ስንቱ ነጋዴ እንደተኳረፈ አትጠይቁኝ። የእኚህ ሰው ሪፖርት ዶይሉንም ሜትር ኩቡንም ጎን ለጎን ያሳያል። ገዢው ስልክ ሲደውል አንደኛውን ገጽ እልክለታለሁ፣ ጭቅጭቁ እዚያው ያልቃል።

ሌላው ፎቶው ነው። አንድ የነጭ ኦክ ጭነት ላይ ከግንዶቹ የአንዱን ጫፍ በኖራ ጠመኔ ከበው ልከውልኛል። ከመሃል ትንሽ ወጣ ብሎ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ። ኦክ ውስጥ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ ብረት ሲነካው እንደዚያ ይጠቁራል። ሚስማር ወይም የአጥር ሽቦ ውስጡ ቀርቷል ማለት ነው። ዛፉ ጫካ ሳይሆን አጥር ጥግ የቆመ ነበር ማለት ነው። ግንዱ ለቬኒር፣ ማለትም በምላጭ እንደ ወረቀት ሳስቶ ለሚላጥ እንጨት፣ ሊሸጥ የነበረ ነው። የቬኒር ምላጭ ሚስማር ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለባለፋብሪካ መንገር አያስፈልግም። ከጭነቱ አስወጣሁት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የመጀመሪያው ክብደት ነው። እርጥብ ነጭ ኦክ በሜትር ኩብ አንድ ቶን አካባቢ ይመዝናል። 40 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 67 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፣ ግን ግማሹ ሳይሞላ ክብደቱ ይሞላል። የአሜሪካ አውራ ጎዳና ያለ ልዩ ፈቃድ መኪናውን ከነጭነቱ የሚያሳልፈው እስከ 80,000 ፓውንድ ነው፣ ማለትም 36 ቶን ገደማ። መርማሪው ሜትር ኩቡን አስልተው ከጨረሱ በኋላ ክብደቱን መገመት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። «የእኔ ሥራ አይደለም» ይላሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ኮንቴይነር ሚዛን ላይ ከብዶ ተመለሰ። ግቢው ግንዶች አወረደ፣ የትኞቹን እንዳወረደ ግን አልመዘገበም። ያ ሁሉ ያማረ ሪፖርት ከጭነቱ ጋር ሳይገናኝ ቀረ። ዝርዝሩን እንደገና ማሠራት ነበረብኝ፣ ለዚያም ከፈልኩ። አበሳጭቶኛል።

ሁለተኛው ተባይ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ቻይና በአሜሪካ ግንድ ላይ ጥንዚዛ ተገኝቷል ብላ ማስገባት ከለከለች። ክልከላው የተነሳው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ገዢዎቼ ከዋጋ በፊት የሚጠይቁኝ ስለ ቅርፊት ነው። መርማሪው ቅርፊቱ ላይ ቀዳዳ ካዩ ይጽፋሉ፣ ጥሩ። ተባዩን ለመግደል ግንዱ በጋዝ ሲታጠን ግን አይገኙም። የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬቱም ከመንግሥት እንጂ ከእሳቸው አይመጣም። አንዳንድ አዲስ ነጋዴ ይህን ሪፖርት ይዞ ጉምሩክ የሚያልፍ ይመስለዋል። አያልፍም።

ክፍያቸው በኮንቴይነር ነው፣ የግንዱ ደረጃ ምንም ይሁን ምን አይለወጥም። ስለዚህ ለዋልነትና ቬኒር ለሚሆን ነጭ ኦክ ዓይኔን ሳላሽ እከፍላለሁ። አንድ መጥፎ ግንድ ካስቀሩልኝ ሒሳባቸውን ሸፈኑ። ለዝቅተኛ ደረጃ ቀይ ኦክ ግን አልቀጥራቸውም፣ ትርፉ ራሱ ያን ያህል አይደለም። እዚያ ላይ ግቢው የሁለቱን ጫፍ ፎቶ ከላከልኝ ይበቃኛል።

ልትቀጥሯቸው ካሰባችሁ በውሉ ላይ ሁለት ነገር አስጽፉ። የተገመተው ክብደት ሪፖርቱ ላይ ይግባ። ኮንቴይነሩ ተጭኖ ሲያልቅ ደግሞ በገቡት ግንዶች ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከር። እኔ ከሚቀጥለው ጭነት ጀምሮ ሁለቱንም ጠይቄአቸዋለሁ። ሁለተኛውን እሺ ብለዋል፣ ክብደቱን ግን አሁንም እያንገራገሩ ነው።