ለተማሪ እጅ የሚሆን ትንሽ ካሜራ፦ ሶኒ ደብሊው 830 ወይስ ካኖን ኢክሰስ 185?

ሐዋሳ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበቡን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ተማሪዎቻችን ስልክ ይዘው ወደ ግቢ መግባት ስለማይፈቀድላቸው፣ የወላጆች በዓልን፣ የክፍል ለክፍል የእግር ኳስ ውድድርን፣ የችግኝ ተከላንና ለግድግዳ መጽሔቱ የሚሆነውን ሁሉ የሚያነሱበት መሣሪያ የግድ ካሜራ መሆን ነበረበት። ዘንድሮ ወላጆች ካዋጡት ገንዘብ ላይ ለዚሁ የሚሆን ተመደበና፣ ግዢው ከመፈጸሙ በፊት የትኛው እንደሚሻል መርምሬ እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። ሌንስ እየተቀያየረ የሚሠራባቸው ትልልቅ ካሜራዎች ከአቅማችን በላይ ነበሩ፤ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች እየተቀባበሉ ሊይዟቸውም አይመቹም። ስለዚህ ምርጫው ኪስ ውስጥ በሚገቡ ሁለት ካሜራዎች መካከል ሆነ፦ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሶኒ ሳይበርሾት ደብሊው 830፣ ሁለተኛው በ2017 የወጣው ካኖን ኢክሰስ 185 ነው። ሁለቱም የቆዩ ሞዴሎች ናቸው፤ ፒያሳ አካባቢ ባሉት ሱቆች የተጠየቀባቸውም ዋጋ ተቀራራቢ ስለነበር ገንዘቡ ለውሳኔው አላገዘኝም።

ሶኒውን ከአንድ ባልደረባዬ፣ ካኖኑን ከባለቤቴ ወንድም ተውሼ ለሁለት ሳምንት ያህል ሁለቱንም በአንድ ቦርሳ ይዤ ዞርኩ። አንዱ ባነሳበት ቦታና ሰዓት ሌላውም እንዲያነሳ አደረግሁ፤ ከእኔ ይልቅ ግን ልጆቹ እንዲያነሱባቸው መረጥሁ፤ የሚጠቀሙባቸው እነርሱ ናቸውና።

በወረቀት ላይ ሲታዩ ሁለቱ ካሜራዎች መንትያ ይመስላሉ። ሁለቱም 20 ሜጋፒክስል ናቸው፤ ሁለቱም ሲሲዲ የሚባለውን የቆየ የሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚፈጥረው ክፍል) ዓይነት ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ኦፕቲካል ዙምና 2.7 ኢንች ስክሪን አላቸው። ባትሪና ካርድ ገብቶባቸው ሲመዘኑ እንኳ የሶኒው ክብደት 122፣ የካኖኑ 126 ግራም ነው። ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት የሜጋፒክስሉን ቁጥር ቢሆንም፣ ለእኛ ሥራ ከሚያስፈልገው በብዙ ያለፈ ነው። አንድ ሙሉ ኤ4 ወረቀት በ300 ነጥብ በኢንች ጥራት ለማተም 8.7 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ ይበቃል። ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ያ ሁሉ ፒክስል የታጨቀበት ሴንሰር ስፋቱ 6 በ4.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑ ነው፤ የትንሿን ጣት ጥፍር እንኳ አያክልም። እያንዳንዱ ፒክስል የሚደርሰው ብርሃን ጥቂት በመሆኑ፣ አይሶው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ከ800 በላይ ሲወጣ ሁለቱም ፎቶውን እንደ አሸዋ ያነጥቡታል። በደማቅ ፀሐይ ግን ሁለቱም የጠራ ፎቶ ያወጣሉ፤ ሐዋሳም ፀሐይ የሚቸግራት ከተማ አይደለችም።

ልዩነታቸው የሚጀምረው እጅ ላይ ነው። ሶኒው ኦፕቲካል ስታቢላይዘር አለው፤ ካሜራው ውስጥ ያለች ትንሽ ዳሳሽ የእጅን መንቀጥቀጥ ስትለካ፣ ከሌንሱ መስታወቶች አንዱ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ተንቀሳቅሶ ምስሉ ሴንሰሩ ላይ እንዲረጋ ያደርጋል። ኢክሰስ 185 ይህ የለውም፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዲጂታል ስታቢላይዘር በሶፍትዌር የሚሠራ እንጂ ሌንሱን የሚያንቀሳቅስ አይደለም። ነገሩ ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው። ዙም ሳይደረግ የሁለቱም ሌንስ እኩል ሊባል የሚችል ብርሃን ያስገባል፤ የሶኒው ኤፍ 3.3፣ የካኖኑ ኤፍ 3.2 ነው፤ የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። ዙሙ እስከ መጨረሻው ሲወጣ ግን ሶኒው ወደ ኤፍ 6.3፣ ካኖኑ ወደ ኤፍ 6.9 ይጠብባሉ፤ የሚገባውም ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ይወርዳል፣ በካኖኑ እንዲያውም ከዚያ በታች ይሆናል። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እጅ ከተንቀሳቀሰ ፎቶው ይደበዝዛል። ፎቶ አንሺዎች የሚከተሉት የቆየ መመሪያ በ200 ሚሊ ሜትር ዙም ያለ ስታቢላይዘር ለማንሳት ሻተሩ ከሰከንድ 200ኛ እጅ መዘግየት የለበትም ይላል፤ ክፍል ውስጥ ይህን ፍጥነት ማግኘት ከባድ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ፣ ሰማዩም ደመናማ ሆኖ ሳለ፣ ስድስት የክበቡ ልጆች ከመጨረሻው ረድፍ ሆነው ሰሌዳው ላይ የጻፍሁትን በየተራ በሁለቱም ካሜራ እንዲያነሱ አደረግሁ። በሶኒው ከተነሱት ፎቶዎች በአብዛኞቹ ላይ ጽሑፉ ይነበባል። በካኖኑ ከተነሱት ግን፣ ክርኑን ዴስኩ ላይ አስደግፎ ካነሳው ከአንድ ልጅ በቀር፣ የሁሉም ፊደል ድርብ ሆኖ ወጣ። ለእኔ ውሳኔው ግማሽ በግማሽ ያለቀው በዚያ ሰዓት ነው። የተለማመደ ሰው ግድግዳ ተደግፎ፣ ትንፋሹን ይዞ ያለ ስታቢላይዘር ሊያነሳ ይችላል፤ ካሜራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ተማሪ ግን ቁልፉን ሲጫን ካሜራውን አብሮ ወደ ታች ይገፋዋል። ይህን እያረምሁ አስተምራለሁ፤ እስኪለምዱት ድረስ ግን የሚያነሱት ፎቶ እንዲበላሽባቸው አልፈልግም።

ሆኖም ስታቢላይዘር የሚያረጋው የአንሺውን እጅ እንጂ የሚነሳውን ነገር አይደለም። ሲሮጥ የሚነሳ ኳስ ተጫዋች፣ ወይም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት በመዘገበው የሲዳማ የዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጨምበላላ በዓል፣ ጉዱማሌ በሚባለው የበዓሉ ሜዳ ላይ ቄጣላ የሚጨፍር ሰው፣ ብርሃን ከሌለ በሁለቱም ካሜራ ይደበዝዛል። ፍላሹም ቢሆን ከሦስት ሜትር ብዙ አይርቅም፤ የበዓል ሕዝብ ላይ ማብራቱ ባትሪ ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው ልዩነት የሌንሱ ስፋት ነው። በ35 ሚሊ ሜትር የፊልም ካሜራ ሚዛን ሲለካ የሶኒው ዙም ከ25 እስከ 200፣ የካኖኑ ከ28 እስከ 224 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። ሦስት ሚሊ ሜትር ኢምንት ይመስላል፤ ሆኖም ከስድስት ሜትር ርቀት ሶኒው 8.3 ሜትር ያህል ወርድ ሲይዝ ካኖኑ 7.4 ሜትር ብቻ ይይዛል። ጀርባዬን ከግድግዳው ጋር አጣብቄ የክፍሉን ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ፎቶ ላነሳ ስሞክር፣ በካኖኑ ዳር ዳር የተቀመጡት ልጆች ተቆርጠው ቀሩ፤ በሶኒው ግን ሁሉም ገቡ። ተማሪ የራሱን ፊት ያጣበት የክፍል ፎቶ ምን ያህል እንደሚያሳዝነው የሚያውቅ ሰው ይህን ልዩነት አይንቀውም። በሌላው ጫፍ ካኖኑ ትንሽ ይበልጣል፤ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጀልባ ጫፍ ላይ የቆመውን አባ ኮዳ የሚባል ትልቅ ወፍ በካኖኑ ትንሽ ተለቅ አድርጌ አንስቼዋለሁ፤ ግን ያም ከተደገፍሁ በኋላ ነው።

አሞራ ገደልን ካነሳሁ ዘንድ፣ ጠዋት ላይ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ ከበስተኋላቸው ሐይቁ ያበራል፤ ፊታቸውም በሁለቱም ካሜራ እየጠቆረ ወጣ። ይህ የካሜራዎቹ ጉድለት ሳይሆን የአሠራራቸው ጠባይ ነው፦ ካሜራው ያየውን ሁሉ አማካይ ወደሆነ ግራጫ ሊያመጣ ስለሚሞክር፣ ብሩህ ውኃ ሲበዛበት አጠቃላዩን ያጨልማል፣ የእኛም የቆዳ ቀለም ከዚያው ጋር ይጨልማል። ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ተማሪዎች በነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆሙም የሚሆነው ይኸው ነው። መፍትሔው ሁለቱም ካሜራዎች ላይ ይገኛል፤ ፕሮግራም በሚባለው አሠራር የብርሃን ማካካሻውን እስከ ሁለት ደረጃ ወደ ላይና ወደ ታች መለወጥ ይቻላል። እኔ ለልጆቹ ወደ ፕላስ 0.7 አድርጉት ብዬ አስተማርኋቸውና ፊቶቹ ተገለጡ። ይህን ቅንብር ሳያውቁ ካሜራው አይረባም ብለው የሚመልሱ ሰዎች ስላሉ፣ ከመግዛትም ከመሸጥም በፊት ይህ ቢሞከር መልካም ነው።

በቀለም ካኖኑ በልጦብኛል። የሰው ፊት በእርሱ ሞቅ ያለና ሕይወት ያለው ሆኖ ይወጣል፤ ሶኒው በጥላ ስር ቆዳን ወደ ሰማያዊ ይስበዋል። ይህ የዓይን ፍርድ ስለሆነ ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል፤ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ያሳየኋቸው የሥነ ጥበብ መምህራችን ግን ሳያመነቱ የካኖኑን መርጠዋል። ልጆቹም የካኖኑን አያያዝ ወደውታል። ሶኒው ጀርባ ላይ ፎቶን፣ ፓኖራማንና ቪዲዮን የሚቀያይር ተንሸራታች ቁልፍ ስላለ፣ አውራ ጣት ሳይታወቅ ገፍቶት ፎቶ አነሳሁ ያለው ልጅ ቪዲዮ ሲቀርጽ ተገኝቷል። በአንጻሩ ያ ፓኖራማ ካኖኑ ላይ የማይገኝ ነገር ነው፤ ታቦር ተራራ ላይ ወጥተን ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ስናዞረው ከተማውንና ሐይቁን በአንድ ረጅም ፎቶ ሰጥቶናል፤ አሁን የጂኦግራፊ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ስለ ቪዲዮ ብዙ የምለው የለኝም። ሁለቱም 720 ፒ በሚባለው ዝቅ ያለ የምስል ጥራት ብቻ ይቀርጻሉ፤ የውጭ ማይክሮፎን የሚሰካበት ቀዳዳም የላቸውም። ቪዲዮ ዋና ሥራው የሆነ ሰው ከሁለቱም ይልቅ መካከለኛ ስልክ ቢገዛ ይሻለዋል።

ረዘም ላለ ጊዜ ያሳሰበኝ የባትሪው ጉዳይ ነበር። አምራቾቹ ለሁለቱም የሚሰጡት ቁጥር በአንድ ሙሌት 210 ፎቶ ያህል ነው፤ ለአንድ የወላጆች በዓል ይህ አይበቃም። ካኖኑ ባትሪው ወጥቶ ግድግዳ ላይ በሚሰካ ቻርጀር ይሞላል፤ ሁለተኛ ባትሪ ካለ አንዱ እየተሞላ በሌላው መሥራት ይቻላል፤ በጣም ምቹ አሠራር ነው። ሶኒው ግን ባትሪው ውስጡ እንዳለ በገመድ ስለሚሞላ ቻርጅ ሲደረግ ካሜራው ሥራ ይፈታል። በዚህ ካኖኑ ያሸንፋል ብዬ ነበር፤ መብራት ሁለት ቀን ተከታትሎ ሲጠፋ ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። የካኖኑ ቻርጀር ሶኬት ከሌለ ዋጋ የለውም፤ የሶኒው ገመድ ግን ፓወር ባንክ ላይ ተሰክቶ ካሜራውን ሞልቶልኛል። ጉድለቱ ገመዱ የራሱ ዓይነት መሆኑ ነው፤ የስልክ ገመድ አይገባበትም፤ ከጠፋም በየሱቁ አይገኝም። ስለዚህ ያገለገለ ሶኒ የሚገዛ ሰው ገመዱ አብሮ መኖሩን ሳያረጋግጥ ገንዘብ አይክፈል።

ሞዴሎቹን አጥርቶ መለየትም ያስፈልጋል። ሶኒ ደብሊው 800 የሚባለው ከ830 ጋር በመልክ በጣም ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ዙሙ አምስት እጥፍ ብቻ ነው፣ ኦፕቲካል ስታቢላይዘርም የለውም። በተቃራኒው ኢክሰስ 190 የ185 ታላቅ ወንድም ነው፤ አሥር እጥፍ ዙም፣ ኦፕቲካል ስታቢላይዘርና ዋይፋይ አለው። በተመጣጣኝ ዋጋ ኢክሰስ 190 ባገኝ ኖሮ፣ ከላይ ስለ ካኖን ቀለም ባልሁት ምክንያት፣ ሶኒውን ትቼ እርሱን እመርጥ ነበር። አንድ ሻጭ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ 185ቱን በ190 ዋጋ ሊሸጥልኝ ሞክሯል፤ ቁጥሩ ካሜራው ላይ ስለተጻፈ አንብቡት።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ ዙሙን ደጋግሞ ማውጣትና ማስገባት፣ የሚሰማውንም ድምፅ ማዳመጥ ያሻል። የእነዚህ ትንንሽ ካሜራዎች ሌንስ ሲከፈት ወደ ውጭ እየወጣ፣ ሲዘጋ ወደ ውስጥ እየገባ ስለሚሠራ አቧራና አሸዋ ይዞ ይገባል፤ ከዚህ ቀደም የነበረኝ ካሜራ ሐይቁ ዳር አሸዋ ገብቶበት ሌንሱ ተንገራግጮ ቀርቷል። ቀጥሎም ንጹሕ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንስቶ ፎቶውን ማጉላት ነው፤ በተለያዩ ፎቶዎች ላይ በአንድ ቦታ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ካለ አቧራው ሴንሰሩ ዘንድ ደርሷል። ባትሪው አብጦ እንደሆነም በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማየት ይቻላል።

ለትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ያቀረብሁት ሶኒ ደብሊው 830 እንዲገዛ ነው፤ እነርሱም ተቀብለውታል። ከሁለተኛ ባትሪና ከአንድ ፓወር ባንክ ጋር ተገዝቷል። ገመዱን የክበቡ ጸሐፊ የሆነችው ተማሪ በመያዣው ውስጠኛ ኪስ በክር አስራዋለች።