«በሳምንት ስንቴ?» ብለው ለሚጠይቁት ሲስተር፤ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍልና ተመላላሽ የምንሠራ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ነን። የምናመሰግናቸው እዚያው ግቢ፣ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የሚሠሩትን የአእምሮ ጤና ነርስ ነው። «ስሜን እንዳታነሱ» ስላሉ ሲስተር እያልን እንቀጥላለን። እግዜር ይስጥልን ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ግን ሥራቸውን ዘርዝረን ብንናገር ይሻላል፤ ፓኒክ አታክ (ድንገት የሚነሳ ብርቱ የፍርሃት ማዕበል) ያለበት ሰው በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ምን ዓይነት አገልግሎት መጠየቅ እንዳለበት ያውቃልና።

ድንገተኛ ክፍል የሚመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሁለት ዘመድ ደግፎት፣ «ልቤ ሊቆም ነው» እያለ ይገባል። ጣቶቹ ደንዝዘዋል፣ አንዳንዴም ወደ ውስጥ ተኮማትረዋል። ፓኒክ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ደርሶ መውረድ ስለሚጀምር፣ ኢሲጂ (የልብ ምት በወረቀት የሚያሳይ ምርመራ) እስኪነሳ ድረስ ማዕበሉ አልፏል። ወረቀቱ ንጹህ ይወጣል። «ምንም የለብህም» እንለዋለን፤ ጥፋቱ የኛ ነው። ምንም የሌለበት ሰው ሞትን አይቶ አይመለስም። ቤቱ ሄዶ «አላገኙልኝም» እያለ የልብ ምቱን ሲቆጥር ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ሲስተር ግን «ምን አስጨነቀህ?» ብለው አይጀምሩም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «በሳምንት ስንቴ ይመጣብሃል?» ነው። የሚሰጣቸውን የመጀመሪያ መልስ ደግሞ አያምኑም፤ በዚህ እናደንቃቸዋለን። «ሁልጊዜ ነው» የሚል ሰው ሲጣራ በሳምንት ሁለቴ ይሆናል። «ዘንድሮ አንዴ ብቻ» የሚለው ደግሞ ከቤት መውጣት ካቆመ አራት ወር ሆኖታል።

ቆጠራው የሚሳሳተው ሰዎች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። ሙሉ ፓኒክ አታክ ማለት ድንገት የሚነሳ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ የሚደርስ፣ ከ13 የታወቁ ምልክቶች ቢያንስ 4ቱ ያሉት ነው፦ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ መታነቅ፣ የደረት ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ብርድ ብርድ ወይም ሙቀት ማለት፣ መደንዘዝ፣ ዓለም የሕልም መምሰል፣ አበድኩ ብሎ መፍራት፣ ሞትኩ ብሎ መፍራት። ምልክቱ ከ4 ካነሰ ጎደሎ አታክ ይባላል፣ ለብቻው ይቆጠራል። «ከጠዋት እስከ ማታ ፓኒክ ላይ ነበርኩ» የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ቀኑን ሙሉ የሚዘልቅ ጭንቀት ነው፣ ሕክምናውም በከፊል ይለያል።

ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው ለሚል፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። በ25 አገሮች የተደረገው የዓለም አእምሮ ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በሕይወቱ ቢያንስ አንዴ ፓኒክ አታክ የገጠመው ሰው 13.2 በመቶ ነው። ከነዚህ ሁለት ሦስተኛው ተደጋግሞበታል፤ ፓኒክ ዲስኦርደር የሚባለው ሕመም ደረጃ የደረሰው ግን 12.8 በመቶው ብቻ ነው። ሕመሙ ያለባቸውም ቢሆኑ አይመሳሰሉም። አንዱን ለወራት በየሳምንቱ አንዴ ይይዘዋል። ሌላው አንድ ሳምንት በየቀኑ ሲይዘው ይከርምና ሁለት ወር ዝም ይላል። በወር ሁለቴ እየመጣ ዓመታት የሚዘልቅም አለ። ሕመም የሚያሰኘው የአታኩ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ቢያንስ ከአንዱ በኋላ ለአንድ ወር ያህል «ደግሞ ይመጣል» የሚል ሥጋት መቆየቱ ወይም ሰውየው ኑሮውን በሱ ምክንያት መቀየሩ ነው።

ለዚህ ሲስተር ሰባት ጥያቄዎች ያሉትን የፓኒክ ክብደት መለኪያ ይጠቀማሉ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል። የአታክ ብዛት ጥያቄው እንዲህ ነው፦ 0 ምንም አለመኖሩ ነው፤ 1 በሳምንት አንድ ሙሉ አታክ ሳይሞላ ሲቀር፤ 2 በሳምንት አንድ ወይም ሁለት፤ 3 ከሁለት በላይ ሆኖ በአማካይ በቀን ከአንድ ያልበለጠ፤ 4 አብዛኛውን ቀን በቀን ከአንዴ በላይ። ይህ ከሰባቱ ጥያቄዎች አንዱ ብቻ ነው፤ ቀሪዎቹ ሥጋቱን፣ የሚሸሹትን ቦታ፣ ሥራና ማኅበራዊ ኑሮን ይለካሉ፣ ድምሩ ከ28 ይያዛል።

ዋናው መሣሪያቸው ግን ባለ 32 ገጽ የተማሪ ደብተር ነው። ክፍሏ ግድግዳ ላይ አንድ የናሙና ገጽ ተለጥፏል፤ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ። ከምሽቱ 1፡20። ሚኒባስ ውስጥ፣ መጨረሻ ወንበር። ጫፍ የደረሰው በ6 ደቂቃ። ምልክት 7። ቡና 3 ሲኒ፣ ምሳ ሳይበላ። እንቅልፍ 4 ሰዓት። መድኃኒት ተወስዷል። ያደረግሁት፦ ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ።» በቀይ የተከበበችው የመጨረሻዋ ቃል ናት። አዲስ ገቢ ሁሉ ቡናው ይከበብ ነበር ብሎ ይገምታል። የወረደ ሰው «መውረዴ አዳነኝ» ብሎ ይማራል፤ ቢቀመጥም በጥቂት ደቂቃ ያልፍ እንደነበር የሚያይበት ዕድል አያገኝም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በሩ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም፣ ቀጥሎ በእግሩ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ይቀራል። ደብተሩ ላይ ታዲያ አታኩ ከ5 ወደ 0 ወርዶ ይታያል! እንዲህ ያለውን ቅናሽ ሲስተር «የውሸት ዜሮ» ይሉታል። ከቁጥሩ ጎን ሁልጊዜ «የት የት ሄድክ?» የሚል አምድ የሚያስጨምሩት ለዚህ ነው። ኪስ ውስጥ የሚያዝ ዲያዜፓም (የማረጋጊያ ክኒን)፣ የማይለይ ሃይላንድ ውኃ፣ ያለ ታናሽ ወንድም ቅዳሴ አለመሄድ፣ ሁሉም የፍርሃት መደገፊያ ስለሆነ እዚያ አምድ ላይ ይገባል።

ቁጥሩ ለምን ከሳምንት ሳምንት እንደሚዋዥቅ ደብተሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ መናገር ይጀምራል። ቡና አንዱ ነው። ፓኒክ ዲስኦርደር ባለባቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ከ400 ሚሊግራም በላይ ካፌይን በአንዴ ሲሰጣቸው ግማሽ ያህሉን አታክ ይዟቸዋል፤ ይህ አምስት ኩባያ ቡና ያህል ነው። ሲስተር ቡና ተው አይሉም (ማን ይሰማቸዋል?)። አቦሉን ጠጥቶ ቶናና በረካውን መተው፣ በባዶ ሆድ አለመጠጣት፣ ከሰዓት በኋላ አለመንካት፤ እሱም በሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ። በአንድ ቀን የተወ ሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታትና መነጫነጭ ይጀምረዋል፣ እሱኑ ደግሞ «ሊመጣብኝ ነው» ብሎ ይፈራዋል።

ጫት ከዚህ የከፋ ነው፤ ምርቃናው ላይ ልብ ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጨብሲው ደግሞ በማግሥቱ አልኮሉ ከሰውነት ሲወጣ መርበትበት ያመጣል። በዚያ ላይ ዱካክ (ጫት የሚቅምን ሰው ሌሊት የሚያስጨንቅ ቅዠት) አለ። ሌሊት የሚቀሰቅስ ፓኒክና ዱካክ እንዳይምታታ ሲስተር አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ሕልም ታስታውሳለህ?» ዱካክ ቅዠት አለው፤ የሌሊት ፓኒክ ግን ያለ ሕልም፣ እንቅልፍ እየጠለቀ ሲሄድ፣ ልብ እየደለቀ ያስነሳል።

የወር አበባ ሊመጣ ሲል ባለው ሳምንት የሚበዛባቸው ሴቶች አሉ፤ ቀኑ ካልተጻፈ ግን ማንም አያገናኘውም። የእንቅርት ሆርሞን መብዛት፣ የደም ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ የአስም መንፊያ፣ አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖች ልብ ያስደልቃሉ። ሲስተር ሁሉንም ፓኒክ ብለው አይጠቀልሉም፤ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሄሞግሎቢን፣ ስኳርና የእንቅርት ምርመራ ሳይታይ ደብተር አይሰጡም። ከ45 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረው፣ ራሱን የሳተ፣ ደረጃ ሲወጣ ደረቱን የሚያመው ወይም በአንድ ጎኑ የደከመ ሰው ከመጣ፣ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ነው የሚልኩት።

ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚያቋርጠው መድኃኒት ላይ ነው። ለፓኒክ በየቀኑ የሚዋጡት ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ሲጀመሩ፣ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት መርበትበቱና አታኩ ሊጨምር ይችላል። ያልተነገረው ሰው «መድኃኒቱ ባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል። ሰርትራሊን ብዙ ጊዜ በ25 ሚሊግራም ጀምሮ ከሳምንት በኋላ ወደ 50 የሚወጣው ለዚህ ነው። ለውጡ በትክክል የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ተሽሎት በራሱ ጊዜ ያቆመም በጥቂት ቀን ውስጥ ማዞርና የኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ስሜት ይሰማዋል፣ እሱን አዲስ አታክ አድርጎ ይቆጥረዋል። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ አንድ ቀን ቢረሳ ብዙም አይሰማም፤ ሰርትራሊን ላይ ግን ቶሎ ይታወቃል። ለረጅም ጊዜ የወሰዱትን ዲያዜፓም በአንዴ ማቆም ደግሞ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ እስከማምጣት ይደርሳል። ለጾመኞች ሲስተር ክኒኑን ማታ ከእራት ጋር ያደርጉላቸዋል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሲመጣም አይከራከሩም፤ «ተጠመቅ፣ ክኒኑንም ዋጥ» ብለው የጸበል ቤቱን ሰባት ቀን ደብተሩ ላይ ያስመዘግቡታል። ይህ ዘዴያቸው ከብዙ ንትርክ አድኖናል።

ከመድኃኒቱ ሌላ ሲስተር የአታኩን ስሜት ለማላመድ የሚያሠሩትን ልምምድ ያየ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል። በተሽከርካሪ ወንበር ለ1 ደቂቃ ያሽከረክሩታል፣ ለ1 ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ያስተነፍሱታል፣ በጠባብ ስትሮው ለ2 ደቂቃ ያስተነፍሱታል። ማዞሩና መደንዘዙ ሆን ተብሎ ይጠራል፤ ቶሎ ቶሎ ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው ጣት የሚደነዝዘው፤ ልብ ስለቆመ አይደለም። በቀን አንዱን መልመጃ ሦስት አራቴ፣ ፍርሃቱ ከ10 ወደ 3 እስኪወርድ ይደጋገማል። በዚህ ሰሞን ቁጥሩ ከፍ ቢል ደግ ምልክት ነው፤ የሸሸበት ሚኒባስ ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ላለበትና ለነፍሰ ጡር አያደርጉትም። ፌስታል ወይም የወረቀት ከረጢት ውስጥ ማስተንፈስንማ ከድንገተኛ ክፍላችንም አስወጥተውታል፤ አስም ወይም የልብ ችግር ያለበትን ሰው ኦክስጅን ያሳጣዋልና።

ቅሬታ ካነሳን፣ ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ መድኃኒት የሚጠፋበት ሳምንትም አለ። ስለዚህ ክኒናችሁ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጠይቁ እንጂ መጨረሻው ፍሬ ላይ አትድረሱ።

እኛ ጋ ለመምጣት ለማትችሉ፦ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ካርድ ስታወጡ «የአእምሮ ጤና ነርስ አላችሁ ወይ?» በሉ። ከሌለ ሪፈር አጽፉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከፍ ላለው ጉዳይ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። የጤና መድን ካርድ ያለው ይዞ ይሂድ። የምትውጡትን ክኒን ሁሉ፣ የጉንፋኑንም የቤተሰብ ዕቅዱንም፣ ከነማሸጊያው በላስቲክ ያዙ። የቀድሞ ኢሲጂም ካለ እንዳትተዉት፣ ደግማችሁ ከመክፈል ያድናል።

ደብተሩን ከቀጠሮው በፊት መጀመር ትችላላችሁ፤ የሁለት ሳምንት ቢኖራችሁ ለሲስተር ግማሽ ሥራ ነው። አታኩ ሲያልፍ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጻፉት፣ እስከ ማታ ቆይቶ ከተጻፈ ይጋነናል። ምንም ያልመጣበት ቀን ላይ ደግሞ 0 ብላችሁ ጻፉ። ባዶ የተተወ መስመር «አልመጣም» ይሁን «ረሳሁ» አይለይም፣ ሲስተርም ባዶ መስመር ሲያዩ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ከመጀመሪያው መጠየቅ ይጀምራሉ።