ሞተሬን ሳይፈቱ በሽታውን ላገኙልኝ የባሕር ዳር መካኒክ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክን ከልብ ለማመስገንና አሮጌ መኪና ለያዛችሁ የባሕር ዳር ነዋሪዎች እሳቸውን ለመጠቆም ነው።

መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 የተሠራች አውቶማቲክ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ከሐሙሲት በተመለስኩ ማግስት ጠዋት፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ስከፍት አረንጓዴ የነበረው ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ጠፍቶ በምትኩ የጉዋቫ ጁስ የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ እስከ አፉ ሞልቶ አገኘሁ። በጣቴ ስነካው ያሟልጫል፤ በጨርቅ ብጠርገውም ቅባቱ አይለቅም። የሙቀት መለኪያው ግን በመንገድ ሳለሁም ሆነ ከዚያ በፊት ከመሃል አልፎ አያውቅም ነበር።

መጀመሪያ ያማከርኩት ሌላ ባለሙያ በክዳኑ ቀዳዳ አንድ ጊዜ አይቶ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በታችኛው አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) መቃጠሉን፣ ሞተሩም ወርዶ መፈታት እንዳለበት ነገረኝ። ዘይት ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ጓርኒሲዮኑን ስለሆነ ግምቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የከፋኝ የሞተሩን ዘይት እንኳ ሳያይ ይህን ያህል ወጪ ሊያስወጣኝ መወሰኑ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ የእኚህን መካኒክ ስልክ ሰጠኝና ደወልኩ። ስለ ቀለሙ ከነገርኳቸው በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «መምህር፣ መኪናዎ አውቶማቲክ ነው ወይስ ማንዋል?» አውቶማቲክ መሆኑን ስነግራቸው፣ «እንግዲያውስ እንዳያስነሱት፤ በገመድም እንዳያስጎትቱት፤ እኔው እመጣለሁ» አሉኝና በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከረዳታቸው ጋር ቤቴ ድረስ መጡ።

በመጀመሪያ የሞተሩን ዘይት መለኪያ ዘንግ አውጥተው በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደረጉት። ቡናማ ነበር፤ ወተት የመሰለ ነገር አልታየበትም፤ ከዘይት መሙያው ክዳን ሥርም አረፋ አልነበረም። አራቱን ካንዴላዎች (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ፈትተው በተርታ ደረደሩና እኔም ጎንበስ ብዬ እንዳይ አደረጉኝ። ውሃ የገባበት ሲሊንደር ካንዴላው ታጥቦ ከሌሎቹ ይለያል፤ የእኔዎቹ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። ቀጥለው የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት መለኪያ ሲያወጡ ንጹሕ ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ደፍርሶ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያየሁትን ፈሳሽ መስሎ ወጣ። ከራዲያተሩ በሃይላንድ ቀድተው ያስቀመጡት ናሙናም በማግስቱ ከላይ ቀይ ዘይት፣ ከታች ደፍራሳ ውሃ ሆኖ መለየት ጀምሮ ነበር።

እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ እንደዚህ ባሉ አውቶማቲክ መኪናዎች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ የታችኛው ታንክ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ሲሆን፣ ያ ቱቦ በዝገት ሲበሳ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይቱ ወደ ኩላንቱ ይገባል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ወርዶ የኩላንቱ ግፊት ስለሚቆይ ውሃው ወደ ካምቢዮው ይመለሳል። መኪናው እንዳይነሳ አጥብቀው የከለከሉኝም ለዚህ ነበር። ውሃና ኩላንት የገባበት አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጡ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች ሽፋናቸው ይላቀቃል፤ ያኔ ራዲያተር መቀየር ብቻውን አያድነውም።

ይህን ሁሉ ካሉ በኋላም በግምት አልተውትም። ራዲያተሩን አውርደው ጋራዣቸው ወሰዱት፤ ውሃ ሞልተው፣ ከዘይት ቱቦው ጫፎች አንዱን ደፍነው በሌላው በኩል ከኮምፕረሰር አየር ሲሰጡት በራዲያተሩ አፍ ላይ ደቃቅ አረፋ ያለማቋረጥ ፈላ። እዚያው ቆሜ አየሁት። ቀዳዳው የት እንዳለ ለመጠየቅ ምክንያት አልቀረኝም።

አዲስ ራዲያተር ከተገጠመ በኋላ ተርሞስታቱን (የውሃውን ዝውውር እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን ክፍል) አውጥተው የውሃውን መስመር በፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና 4 ጊዜ፣ ከዚያም አረፋው እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው አጠቡት። ዘይት ያሳበጣቸውን ሁለት ማኒኮቶዎች (የውሃ ጎማ ቱቦዎች) ቀየሩ። የካምቢዮው ዘይት በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደማይወጣ ነግረውኝ፣ ቀይነቱ እስኪጠራ 3 ጊዜ አፍስሰው ሞሉ። በመጨረሻም ሞተሩን በንጹሕ ውሃ አስነስተው፣ በራዲያተሩ አፍ ጋዝ የሚፈላ መሆን አለመሆኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ምንም አልነበረም፤ የጓርኒሲዮኑም ጥርጣሬ በዚህ ተዘጋ።

ወጪ ለመቀነስ ብዬ ለጊዜው በቧንቧ ውሃ ብቻ ልንዳው ብላቸው አልተስማሙም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ክፍት ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ኩላንትና ደህና ክዳን ይህን ከፍ ያደርጉታል፤ ኩላንቱ ደግሞ ያንኑ ቱቦ የበሳውን ዝገት ይከላከላል። ስለዚህ ግማሽ ኩላንት ከግማሽ የባትሪ ውሃ (አሲድ የሌለው የተጣራ ውሃ) ጋር ቀላቅለው ሞሉልኝ፤ ክዳኑንም በአዲስ ለወጡት።

ጠቅላላ ወጪዬ ሞተሩን ለማውረድና ለማሠራት ከተጠየቅሁት ገንዘብ ሩብ አልሞላም። አሮጌ ዕቃዎቼን በካርቶን አድርገው፣ ከያንዳንዱ ደረሰኝ ጋር አስረከቡኝ። ከአንድ ወር በኋላ ስመለስ ኩላንቱን እንደገና በሃይላንድ ቀድተው ለብርሃን ያዙት፤ አረንጓዴ ነበር፣ ከላዩም የዘይት ጠብታ አልታየበትም። ለዚህ ሁሉ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅዎን ይባርክልኝ።

ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ አልጻፍኩትም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከእሑድ በስተቀር በማንኛውም ቀን ይሠራሉ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን መኪናችሁ አውቶማቲክ ወይም ማንዋል መሆኑን ደውላችሁ ንገሯቸው።