ስኪመር ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤት፦ በአየር ፓምፕ የሚሠራው ወይስ ባለሞተሩ?

ሥጋ ሲቀቀል ከላይ የሚከማቸውን ግራጫ አረፋ በጭልፋ ገፍፎ የደፋ ሰው የዓሣ አኳሪየም ውሃ የሚያጸዳው መሣሪያ፣ ፕሮቲን ስኪመር፣ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ዓሣው የሚጥለው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ ውሃው ውስጥ ሲሟሟ ፕሮቲኑ በአየር አረፋ ላይ ይጣበቃል። መሣሪያው ደቃቅ አረፋ እየለቀቀ ያን ቆሻሻ ሳይበሰብስ ወደ ላይኛው ኩባያ ያወጣዋል። ይህ የሚሆነው በጨው ውሃ ነው፤ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖረው ጎልድፊሽ ያላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

እኔ ደሴ 120 ሊትር አኳሪየም አለኝ፤ ወንድሜ ኮምቦልቻ 200 ሊትር። የእኔ ስኪመር በአየር ፓምፕ ይሠራል፣ የእሱ አየርና ውሃን በጥርሳም ተሽከርካሪ የሚፈጭ ሞተር አለው። የትኛው እንደሚሻል መስማማት ሲያቅተን የእኔን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ታቅፌው የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩና ለሁለት ወር ተለዋወጥን።

መጀመሪያ የሞላው ኩባያ አታለለን። የአየር ፓምፑ በሁለት ቀን ኩባያውን ሞላ፤ ባለሞተሩ በአራት ቀን ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ሁለቱንም በብርጭቆ ቀድተን መስኮት ላይ ስናስቀምጣቸው ግን የአየር ፓምፑ ቀጭን ሻይ መሰለ፣ የባለሞተሩ ደግሞ የጀበና አተላ ሆኖ ሽታው ቤቱን አወከው። አንደኛው ያወጣው አብዛኛው የአኳሪየሙን ውሃ ነበር። ስለዚህ በኩባያው ሙላት አትፍረዱ። በሁለቱም ውስጥ የውሃውን ከፍታ አንገቱ (አረፋው ወደ ኩባያው የሚወጣበት ጠባብ ቱቦ) ከሚጀምርበት ቦታ እኩል አድርጉ፤ ከፍ ካለ ቀጭን ውሃ፣ ዝቅ ካለ ወፍራም ጭቃ ይወጣል። ከዚያ ቀለሙንና አንገቱ በስንት ቀን በቡናማ ዝቃጭ እንደሚሸፈን እዩ። አዲስ ስኪመር እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ስጡት። ደግሞ የቅቤ ወዝ ያለበት እጅ ውሃው ውስጥ ከገባ አረፋው ተኝቶ ለሰዓታት ላይነሳ ይችላል፤ የዚያን ቀን ልኬት ተዉት።

በጽዳት ባለሞተሩ ይበልጣል፤ አረፋው ወተት ይመስላል። ቢሆንም ተአምር አትጠብቁ። የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ኬን ፌልድማን የተለያዩ ስኪመሮችን ሲለካ ያወጡት ከኦርጋኒክ ካርቦኑ ከ20 እስከ 35 በመቶውን ብቻ ነበር። ውዱንም ገዝታችሁ ውሃ መቀየሩ አይቀርም።

ደሴ ላይ ሐሳቤን የለወጠው መብራት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ እኩል የሞቀ ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች። መብራት ሲሄድ ባለሞተሩ ቀጥ ይላል፣ ዓሣውን የሚያተነፍሰው አረፋም አብሮ ይቆማል፤ ውስጡ የቆመው ውሃ ከስር ወዳለው ገንዳ ይወርዳል፣ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ኩባያው ሞልቶ ይፈሳል። ወንድሜ ይህ ሌሊት ደርሶበት ያን ሁሉ ጥቁር ቆሻሻ ጠዋት ተመልሶ ውሃው ውስጥ አገኘው። ጥቂት ዋት የሚበላ የአየር ፓምፕ ግን በትንሽ ባትሪ ሌሊቱን ይሠራል፤ ዓሣዎቹ ይተነፍሳሉ።

እንግዲህ ከ150 ሊትር በታች፣ ጥቂት ዓሣ፣ ኢንቨርተር (መብራት ሲሄድ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) የሌለበት ቤት ከሆነ የአየር ፓምፑን ግዙ። ትልቅ አኳሪየምና ብዙ ዓሣ፣ ኢንቨርተርም ካላችሁ ባለሞተሩን ያለ ማመንታት። በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር ግን በግማሽ ቁጠሩት።

የአየር ፓምፑ ችግር አየሩን የሚያደቅቀው እንጨት ነው፤ በአንድ ሁለት ወር ይደፈንና አረፋው ይተልቃል፣ ደሴ ገበያ ላይም አላገኘሁትም፤ ስትገዙ አምስት ስድስት አብራችሁ እዘዙ። የባለሞተሩን ተሽከርካሪ በየሁለት ወሩ ፈትቶ በኮምጣጤ ማጠብ ይበቃል። ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚለውን ጽሑፍ ላኪው ፎቶ አንስቶ ያሳያችሁ፤ ለ110 ቮልት የተሠራ ሞተር እዚህ ሶኬት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።