ላይብረሪው በር ላይ የተቀመጠው የመራጮች ምዝገባ ጠረጴዛ፦ ምኑ ጥሩ ነው፣ ምን ይጎድለዋል?

የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ሲቃረብ ተማሪዎች ራሳቸው ተነስተው ላይብረሪው በር ላይ የምዝገባ ጠረጴዛ አዘጋጅተው ነበር። መጀመሪያ ልመዘገብ ሄድኩ። ከዚያ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ አገዝኩ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ። ምዝገባው ላይ ጎበዞች ናቸው፣ ከምዝገባው በኋላ ግን ተማሪውን ይረሱታል።

ጥሩውን ላስቀድም። ተማሪ ለምርጫ ግድ የለውም ሲባል እሰማለሁ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ከቤቱ ርቆ የሚማር ልጅ የሚቸገረው «የት ነው የምመርጠው?» በሚለው ነው። አንዲት ፍሬሽ ተማሪ «የመኖሪያ አድራሻ» የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቁማ ቀና አለች። የቤተሰቧን ቤት ነው የምትጽፈው ወይስ ዶርሟን? አጠገቤ የነበረው ልጅ ደንቡን ከታተመው መመሪያ አውጥቶ አሳያት፣ አንብባ ወሰነች፣ ፎርሙን ራሷ ሞልታ ሄደች። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

በግምት አለመመለሳቸው በጣም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል። ብሪታንያ ውስጥ ተማሪ በቤተሰቡም በትምህርት ቤቱም አድራሻ መመዝገብ ይችላል፤ ሁለቱ ቦታዎች በተለያዩ ምክር ቤቶች ሥር ከሆኑ ለአካባቢ ምርጫ በሁለቱም ድምፅ ይሰጣል፣ ለፓርላማ ግን በአንዱ ብቻ። አሜሪካ ውስጥ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እዚያ በሚማሩበት ቦታ መመዝገብ እንኳ በትግል የተገኘ መብት ነው፦ ቴክሳስ፣ ዎለር ካውንቲ ውስጥ የምዝገባ ኃላፊው በብዛት ጥቁር ተማሪዎች የሚማሩበትን የፕሬሪ ቪው ዩኒቨርሲቲ ልጆች የነዋሪነት መጠይቅ እያስሞላ ያስቸግራቸው ነበር፣ ፍርድ ቤት ያንን ከለከለ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አጸናው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የእኔ ፎርም ተመልሶብኛል። የዶርሙን ሕንፃ ስም ጽፌ የክፍል ቁጥሩን ዘልዬ ነበር፣ የተቀበለኝም ልጅ አላየውም። የተመለሰው ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሮጬ አስተካከልኩ እንጂ ዘንድሮ አልመርጥም ነበር። ፎርም የሚቀበል ሰው ከመቀበሉ በፊት አንዴ ከላይ እስከ ታች ቢያነበው ምን አለበት?

ከዚህ የባሰው የምርጫው ቀን የሆነው ነው። የዶርም ጓደኛዬ በጊዜ ተመዝግቦ ነበር። ያን ቀን ፈተና ነበረው። ከፈተናው ወጥቶ ደወለልኝና «ጣቢያው የት ነው?» አለኝ። ባለፈው ምርጫ ወደነበረበት ሕንፃ ሄዶ ነበር፣ ቦታው ተቀይሯል። ትክክለኛው ጋ ሲደርስ ተዘግቷል። ለአገር አቀፍ ምርጫ ቢሆን ኖሮ ቴሌቪዥኑም ስልኩም ሲወተውተው ይከርም ነበር። የምክር ቤት ምርጫ ግን ድምፁ አይሰማም፣ እጩዎቹን እንኳ ፈልገህ ነው የምታገኛቸው። ደግሞ ማታ ከላይብረሪ ወደ ዶርም የምንሄድበት መንገድ መብራት፣ የአውቶብሱ የመጨረሻ ሰዓት፣ ተከራይ ተማሪ የሚኖርበት ቤት ቁጥጥር፣ እነዚህ በአብዛኛው የሚወሰኑት እዚያ ነው። መራጩ ጥቂት በሆነበት ምርጫ አንድ የዶርም ፎቅ ልጆች ውጤት ሊቀይሩ ይችላሉ፣ የጓደኛዬ ድምፅ እንደዚያ መቅረቱ አሁንም ያንገበግበኛል።

ኢስቶኒያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአካባቢ ምርጫ በኢንተርኔት ድምፅ ታሰጣለች። ከጠረጴዛችን ያን ያህል አልጠብቅም። አንድ የስልክ መልእክት ግን ይችላሉ።

ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቻቸዋለሁ። ገና ያልተመዘገባችሁ ጠረጴዛው ለሚቀጥለው ምርጫ ሲወጣ ሂዱ፣ የክፍል ቁጥራችሁን አትርሱ። ለሚቀጥለው ዙር የሚላከውን መልእክት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፦ የጣቢያው ቦታ፣ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት፣ ይዞ መሄድ ያለባችሁ መታወቂያ።