«የዘንድሮ ምርት» በሚል የፖም ካርቶን እንዳትሸወዱ

ወገኖች፣ መኸር ገብቶ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ቤት ውስጥ የፖም ፓይ ወይም ክራምብል (ፖም ላይ በቅቤ የተፈተገ ዱቄት ተነስንሶበት የሚጋገር) መጋገር ያምራል። ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። በዚህ ሰሞን «የፖም ፓይ ሙሉ እሽግ»፣ «ለመጋገር የተመረጠ»፣ «የዘንድሮ ምርት» የሚል የተለጠፈበት ካርቶን ብቅ ብቅ ይላል። ውስጡ ጥቂት ፖም፣ አንድ ፓኬት የዱቄት ድብልቅ፣ ጣት የምታክል የቅመም ከረጢትና ስታነሱት የሚታጠፍ የፎይል ትሪ አለ። ቅናሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። እባካችሁ ሳትከፍቱትና ፖሙን በእጃችሁ ሳትነኩ አትግዙት።

ትልቁ ችግር ፖሙ ላይ ነው። የፖም ዛፍ በዓመት አንዴ ነው የሚያፈራው፤ ፖም ግን ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። ይህ የሚሆነው ፍሬው እንደተለቀመ አየር በማያስገባ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። ሙቀቱ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይያዛል። እኛ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 በመቶ ገደማ የሆነው ኦክስጅን እዚያ ከ1 እስከ 3 በመቶ ድረስ ይወርዳል። ፍሬው እንቅልፍ ላይ እንዳለ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው። በዚህ ዓይነት አንዳንዱ ዝርያ 10 ወርና ከዚያም በላይ ይቆያል።

በዚህ ምንም ክፋት የለም። የቆየ ፖም መብላትም አይጎዳም። ክፋቱ አዲሱ ምርት ሲደርስ ነው የሚጀምረው። መጋዘኑ ለአዲሱ ቦታ መልቀቅ አለበት። አምና የተለቀመው ይጠራረግና ይወጣል። አንዳንዱ ሻጭ በቅናሽ፣ በእውነተኛ ስሙ ይሸጠዋል፤ እሱን እናመሰግናለን። ሌላው ግን «ለመጋገር» የሚል ስም ሰጥቶ፣ በሚያምር ካርቶን አሽጎ፣ ከአዲሱ ጎን ይደረድረዋል።

ጥሬውን ስትበሉት ላይታወቃችሁ ይችላል። ኦቨን ሲገባ ነው ጉዱ የሚወጣው። የፖምን ቁራጭ ቅርጹን አስይዞ የሚያቆየው ሴሎቹን እርስ በርስ ያጣበቀው ፔክቲን ነው። ፖሙ በቆየ ቁጥር ፔክቲኑ ይላላል። አሲዱም ይቀንሳል። አሲድ ደግሞ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ቁራጩ በሙቀት ቶሎ እንዳይፈርስም ይረዳል። ሁለቱም ከጎደሉ ምን እንደሚሆን ከእንዲህ ያለ ካርቶን በሠራሁት ክራምብል አይቻለሁ። ከላይ ወርቃማ ሆኖ ያምራል። ማንኪያ ሲገባበት ግን ከሥሩ የፖም ቁራጭ የሚባል ነገር የለም። ውሃው ለብቻ፣ የላመው ለብቻ። የላይኛው ሊጥ ከታች በኩል ውሃውን ጠጥቶ ነጭና ለጥላጣ ሆኗል። ጎምዘዝ የሚል ጣዕም ጭራሽ የለም፤ አፍ ላይ የሚቀረው ስኳር ብቻ ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆንበት «እኔ መጋገር አልችልም» ብሎ ይተወዋል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዱቄቱን በትክክል ለክታችሁ፣ ኦቨኑን በሰዓቱ አሙቃችሁ፣ ጥፋቱ የእናንተ ይመስላችኋል። ጥፋቱ የካርቶኑ ነው።

ታዲያ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ የዝርያውን ስም አንብቡ። በሰሜናዊው የምድር ክፍል ጋላና ማኪንቶሽ ቀድመው ከሚደርሱት ናቸው። ግራኒ ስሚዝ በብዙ ቦታ ዘግየት ይላል፤ ፒንክ ሌዲ ደግሞ ከሁሉም ኋላ ነው የሚለቀመው። ገና መኸር ሲገባ ፒንክ ሌዲ ላይ «የዘንድሮ፣ ከአቅራቢያ» የሚል ካያችሁ አትመኑ። ወይ አምና የተለቀመ ነው፣ ወይ ከደቡባዊው የምድር ክፍል ተጭኖ የመጣ ነው። የመጣበት አገር ስም መለያው ላይ ካለ ፈልጉት።

ቀጥሎ ፍሬውን አንሱ። ለመጠኑ ከበድ ማለት አለበት። ቆዳው ከተሸበሸበ፣ በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ከሰጠ፣ ተዉት። ቅባት ቅባት ማለቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አንዳንድ ዝርያ ሲበስል ራሱ ሰም ያወጣል። ቁርጡ የሚታወቀው በቢላ ነው። ጥሩ ፖም ሲቆረጥ ቀጭ ይላል፤ ቢላው ላይም የጭማቂ ጠብታ ይቀራል። የቆየው ግን ድምፅ የለውም። የተቆረጠው ፊት ደረቅና አሸዋማ ነው፤ አንዳንዴም መሃሉ ላይ በዘሮቹ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከካርቶኑ ሥር ያሉትንም ገልብጣችሁ እዩ። የተመታና የበሰበሰ የሚደበቀው እዚያ ነው። የበሰበሰ ፖም ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ፓቱሊን የሚባል መርዝ ሊያመርት ይችላል። በፖም ጭማቂ ውስጥ በኪሎ ከ50 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ዓለም አቀፍ ገደብ የተቀመጠለት ነው። በመጋገር ይጠፋል ብላችሁ አትሞኙ፤ ሙቀትን ይቋቋማል። ትንሽ ምት ያለበትን ቆርጣችሁ ተጠቀሙ፤ ለስልሶ የሻገተውን ግን ሙሉውን ጣሉት።

ፓኬቱን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። በብዙ አገር በመለያ ላይ ግብዓቶች የሚዘረዘሩት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው። ገልብጣችሁ አንብቡ። ስኳር፣ ዱቄት፣ ስታርች፣ ከዚያ ቀረፋ። አለቀ። ከታች በደቃቅ ፊደል ደግሞ «ቅቤ ለብቻው ይጨመር» ይላል። ዱቄትና ስኳር ቤታችሁ አለ። ቀረፋና ትንሽ ገውዝ ከገዛችሁ ለብዙ ጊዜ ይሆናል።

ስለዚህ ለየብቻ ግዙ። ለአንድ መካከለኛ ክራምብል 1 ኪሎ ፖም ይበቃል፤ ሲላጥና መሃሉ ሲወጣ ከ750 እስከ 800 ግራም ገደማ ይቀራል። የሚጎመዝዘውን አብዙ፣ ጣፋጩን ቀንሱ። ለላዩ 200 ግራም ዱቄት፣ 100 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ፣ 100 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው በጣት እየፈተጋችሁ አዋህዱ። በ180 ዲግሪ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ፣ ጭማቂው በዳር በዳሩ እስኪንተከተክ። ከወጣ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ይረፍ፤ ጭማቂው የሚወፍረው ያኔ ነው።

ካርቶኑን ቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ደረሰኙን አትጣሉ። የመለያውንና የተቆረጠውን ፖም ፎቶ አንሱና ይዛችሁ ሂዱ። ያልሆነውን «የዘንድሮ ነው» ብሎ መሸጥ በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል፤ ገንዘባችሁን ስትጠይቁ አትፈሩ። አንመልስም ካሏችሁ ለሸማቾች ጉዳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጻፉ። ፖሙ ካልበሰበሰ አትድፉት። ላጡት፣ ሎሚ ጨምቁበት፣ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ክዳን ባለው ድስት ለስለስ ባለ እሳት ቀቅሉት። ለፓይ የማይሆነው ፖም እንዲህ ተቀቅሎ ሲላም ይጣፍጣል።