ለላም የተቀመመ ማዕድን ለበግ እየተሸጠ ነው፤ ተጠንቀቁ

በግ የምታደልቡ ሁሉ፣ መለያ ጽሑፍ በሌለው ማዳበሪያ ተሞልቶ «ለሁሉም እንስሳ ይሆናል» እየተባለ የሚሸጠውን የማዕድን ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ አደራ እላለሁ። ደብረ ብርሃን አጠገብ ለፋሲካ ገበያ 12 በጎች ሳደልብ፣ አንድ የመኖ ነጋዴ አሞሌ ብቻ እንደማይበቃቸው አሳምኖ 25 ኪሎ ሸጠልኝ። የመዳብ እጥረት የግልገሎችን የኋላ እግር እንደሚያሰንፍ ነግሮኝ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ዱቄቱን የገለበጠበትን ዋናውን ከረጢት ግን በኋላ ጓዳው ውስጥ ሳየው «ለወተት ላሞች» የሚል ተጽፎበታል።

ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋር እየቀላቀልሁ 10 ሳምንት ሰጠኋቸው፤ ሰውነታቸውም ሞልቶ ነበር። በአይሱዙ ተጭነው ገበያ ውለው ሳይሸጡ በተመለሱ ማግስት ግን አንዳንዶቹ መኖ እንቢ አሉ። የአንዱን የዓይን ሽፋን ገለጥ ሳደርገው በእርድ የተነከረ ይመስል ቢጫ ሆኗል፤ ሽንቱም ወደ ጥቁር ያደላ ቀይ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ አራቱ ሞቱ። የእንስሳት ሐኪሙ አንዱን ሲከፍተው ኩላሊቱ ጠቁሮ አየሁ፤ ሥጋውም እንዲቀበር አዘዘ።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ በጎቹን የገደላቸው በዱቄቱ ውስጥ የበዛው መዳብ ነው። በመኖ ውስጥ ያለው መዳብ ሁሉ ወደ ደም አይገባም። በጨጓራ ውስጥ ድኝና ሞሊብዲነም የተባለው ማዕድን ከመዳቡ ጋር ተጣብቀው ብዙውን ከበጠጥ ጋር ያስወጡታል፤ ያመለጠው በትንሹ አንጀት በኩል ገብቶ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። የበግ ጉበት ትርፉን በሐሞት በኩል የማስወጣት አቅሙ ደካማ ስለሆነ፣ መዳቡ ለሳምንታትና ለወራት ያለ ምልክት ይጠራቀምና በጉ በጉዞ ወይም በረሃብ ሲጨነቅ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ተለቆ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈነዳል። በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ከ15 ሚሊ ግራም በላይ መዳብ ለበግ አስጊ ሲሆን ከብትና ፍየል እስከ 40 ድረስ ይችላሉ፤ ከዚያው ገንዳ የበሉት ሁለቱ ፍየሎቼ ምንም ያልሆኑት ለዚህ ነው። የሚጠባ ግልገል ደግሞ አንጀቱ መዳብን ከትልቁ በግ በብዙ እጥፍ ስለሚመጥ ይህን ዱቄት ፈጽሞ እንዳታቀምሱት።

ነጋዴው ገንዘቤን ሊመልስ አልፈቀደም፤ ደረሰኝ አለመቀበሌም ጎድቶኛል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ዋናውን ከረጢት አስወጥታችሁ የመዳቡን መጠንና ለየትኛው እንስሳ እንደተዘጋጀ አንብቡ፤ «ለበግ» የሚል ከሌለበት አትውሰዱ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ መስጠቱን አቁሙ። ጉበት ውስጥ የተጠራቀመው መዳብ ዱቄቱ ከተቋረጠ በኋላም ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ በጎቹን መኪና ላይ ከመጫናችሁና ረጅም መንገድ ከመንዳታችሁ በፊት ሐኪም ይያቸው። የእኔም የተረፉት ስምንቱ ፋሲካ ቢያልፍባቸውም ከግቢ አልወጡም።